አሮጌው መኪናና ባለቤቱ በድሬ ዳዋ

ሰው ንብረቱን የሚወድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ በዋጋው ይመካል፤ ሁለተኛው በመልኩ ይደሰታል፤ ሦስተኛው ከአባቱ የወረሰው ስለ ሆነ ብቻ ከዓይኑ ሊለየው አይፈቅድም። በሬውን የሚወድ ገበሬ ግን ስለ በሬው ቢጠየቅ ዋጋውንም መልኩንም ትቶ፥ በየትኛው ቀኝ ወይም ግራ እንደሚጠመድ፥ ከየትኛው በሬ ጋር እንደሚስማማ፥ በስንተኛው ትልም ላይ እንደሚለግም ይናገራል። ለዚህ ገበሬ በሬው ፍጹም የሆነለት ነውር ስለሌለበት ሳይሆን፥ ነውሩ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። አሮጌ መኪናን ለባለቤቱ ፍጹም የሚያደርገው ምንድን ነው? በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ፥ ቀለሙ የመጀመሪያው ስለ መሆኑ፥ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዕቃ ስላለመለወጡና ከዓይነቱ በዓለም ላይ ምን ያህል እንደ ቀረ አብዝተው ያወራሉ። መኪናውም በጥላ ሥር ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ለትርኢት ይወጣል። ይህ አስተሳሰብ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እኛ ጥያቄውን ወደ ድሬ ዳዋ ልንወስደው እንወዳለን። በድሬ ዳዋ አሮጌው መኪና ለትርኢት የተቀመጠ ዕቃ ሳይሆን፥ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድርና ልጅ የሚያስተምር ሠራተኛ ሆኖ ኖሯልና። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብተው በድሬ ዳዋና በሐረር ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት ሰው ያመላለሱትን ፔጆ 404 ታክሲዎች የማያውቅ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ጥቂት ነው።

የነዚህን መኪኖች ታሪክ ስንመለከት አንድ ነገር እንረዳለን። ይኸውም መኪናን ለባለቤቱ ፍጹም የሚያደርገው ፋብሪካው ብቻ ወይም ባለቤቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ከተማው ነው። ይህን ለማስረዳት ከመኪናው አስቀድመን ስለ ከተማው መናገር ይገባናል።

የድሬ ዳዋ ታሪክ የሚጀምረው ከሐዲድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ በ1886 ዓ. ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሐረርን ተራራ በባቡር መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ መሥመሩ በተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር ባቡሩ ከጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከዚሁ ሜዳ ደረሰ። ሥፍራው አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ጸና። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ስለ ተያዘ ሐዲዱ ለብዙ ዓመት ከዚያ ሳያልፍ ቆየ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። በዚያ መካከል ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ድሬ ዳዋ ላይ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር።

ፈረስ ሲደክም ሣር ግጦ፥ ውሃ ጠጥቶ፥ አድሮ ይበረታል። ባቡር ግን ሲደክም የሚያበረታው የሰው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህም ኩባንያው ዋናውን የባቡር መጠገኛ በድሬ ዳዋ ተከለ። በዚያ ቤት ብረት ይቀልጥ፥ ይቀጠቀጥ፥ በቶርኖ ይላግ ነበር። የተሰበረውን ዕቃ ከፈረንሳይ አገር እስኪመጣ መጠበቅ ወራት የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው የተሰበረውን አይቶ፥ ለክቶ፥ እርሱን የሚመስል ሌላ መሥራትን ተማረ። ሕዝቡ የፈረንሳይኛውን ስም በራሱ አፍ አስማምቶ «ሽማንደፈር» ብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት፥ ምንም እንኳ የትምህርት ቤት ስም ባይኖረው፥ ለከተማው ትልቅ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆነ። ከፈረንሳዊው፥ ከግሪኩ፥ ከአርመኑና ከጣሊያኑ ጋር አብሮ የሠራው የድሬ ዳዋ ልጅ ከብረት ጋር መነጋገር ቻለ።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። በ1900 ዓ. ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ናከ የተባለ ሌላ አውቶሞቢል ይዞ መጣ። ሐዲዱ በዚያን ጊዜ ከድሬ ዳዋ ያላለፈ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር ሁሉ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ በመኪናውም ተደሰቱ። ነገር ግን አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የአንድ ታላቅ ንጉሥ ንብረት የሆነው አውቶሞቢል በዙሪያው ጥርጊያ መንገድ፥ ነዳጅ ማደያ፥ ጎማ ጠጋኝና መለዋወጫ ዕቃ አልነበረውም። ስለዚህ ምንም ያህል ቢያምር፥ ብቻውን የቆመ ድንቅ ነገር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በድሬ ዳዋ አንድ ባለ ታክሲ የነበረውን ነገር ንጉሠ ነገሥቱ በዘመናቸው ሊያገኙት አልቻሉም፤ ይኸውም መኪናው ሲታመም የሚያክመው ሰፈር ነው።

ይህ ሰፈር እንዴት እንደ ተሠራ በቋንቋችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አንድ መካኒክ በሥራው ላይ ሳለ የሚናገረውን ብናዳምጥ ታሪክ የምናነብ ያህል ነው። ሾፌርና ጋራዥ የሚሉት ቃላት ከፈረንሳይኛ መጥተዋል፤ የባቡር ጣቢያውን ለገሀር ማለታችንም ከዚያው ነው። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ቸርኬ፥ ካላማደሪያ፥ ቴስታታ፥ ጎሚስታ፥ ላሜራ የሚሉት ግን ከጣሊያንኛ ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ. ም. በግንቦት ወር ድሬ ዳዋን ያዘ፤ በ1933 ዓ. ም. በመጋቢት ወር ከዚያ ተባረረ። ጠላት ለጦሩ ማመላለሻ ብሎ ብዙ መኪና አመጣ፤ በግፍ የገዛውን አገር ትቶ ሲሄድ ግን መኪናውን የሚያውቁ እጆችና የመኪናውን ስሞች ይዞ ሊሄድ አልቻለም። የእኛ ሰዎች እነዚህን ስሞች የራሳቸው አደረጓቸው። ዛሬ ካንዴላ የሚለው መካኒክ የጣሊያን ቃል መናገሩን አያስብም፤ አማርኛ መናገሩን ነው የሚያውቀው። እንዲህ ሆኖ በድሬ ዳዋ የፈረንሳይ ሐዲድ፥ የጣሊያን ጋራዥና የኢትዮጵያዊ ትዕግሥት በአንድ ቦታ ተገናኙ።

ፔጆ 404 ወደዚህ ዓለም የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ መኪናውን በ1952 ዓ. ም. በግንቦት ወር በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ። መልኩን ያወጣው የታወቀው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ነበር። የቤት መኪናው ሥራ በፈረንሳይ አገር እስከ ቆመበት እስከ 1975 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ድረስና ከዚያም በኋላ በሌሎች አገሮች፥ ከየዓይነቱ በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የመጨረሻው የፈረንሳይ የቤት መኪና እንኳ ዛሬ ዕድሜው ወደ 50 ዓመት ደርሷል።

ይህ መኪና ለምን ለድሬ ዳዋ ተስማማ? ምክንያቱን በዕድል ብቻ ማሳበብ አይገባም። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ሐረር የሚሄደው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ወዲያው ደንገጎ የሚባለውን ዳገት መውጣት ይጀምራል፤ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ አገር መኪና በአንድ ጉዞ ውስጥ ሁለት ፈተና አለበት፤ ሲወጣ ሙቀት፥ ሲወርድ ፍሬን። በ404 ሞተር ፊት ያለው ማራገቢያ ሁልጊዜ የሚዞር አይደለም፤ ውሃው ሲግል በራሱ ይያያዛል፥ ሲበርድ ይለቃል። ሞተሩ 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ መጠን ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ወደ ጎኑ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ኮፈኑ ዝቅ ብሎ ሾፌሩ መንገዱን በደንብ ያያል። ጎማው ባለ 15 ኢንች ነው፤ ስፕሪንጉ ለስላሳና ረጅም ስለ ሆነ በጉድጓድ መንገድ ተሳፋሪውን አያንገላታም። ማርሹ ከመሪው ሥር ስለ ሆነ ከሾፌሩ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ይህም ተሳፋሪ በሰው ቁጥር ለሚያስከፍል ታክሲ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። የብዙ መኪና ሞተር ሲበላ ሲሊንደሩ ራሱ ስለሚሰፋ ብረቱን መላግ ወይም ሞተሩን መጣል ያስፈልጋል። በ404 ሞተር ግን ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ ለብቻው የሚወጣና የሚገባ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲያረጅ አሮጌው ቱቦ ከነፒስቶኑ ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ዋናው አካል እንዳለ ይቀራል። ባትሪ ቢሞትም በእጅ ማዞሪያ ብረት ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ ፋብሪካው ሳያስበው ለድሬ ዳዋ ልጅ የሚናገረውን ቋንቋ ተናገረለት፤ «ብበላሽ ልትጠግነኝ ትችላለህ» አለው። ቶርኖ የሚያውቅ ከተማ፥ ተከፍቶ የሚጠገን መኪና አገኘ።

ይህ የእኛ አድናቆት ብቻ እንዳይመስል ከጎረቤት አገር ምስክር እንጥራ። በምሥራቅ አፍሪካ ይደረግ የነበረው የሳፋሪ የመኪና ውድድር በዓለም ላይ ከታወቁት ውድድሮች ሁሉ አስቸጋሪ ነው ይባል ነበር። በ1955 ዓ. ም. ውድድሩን ከጀመሩት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ አንደኛ የወጡት ኖቪትስኪና ክሊፍ የነዱት ፔጆ 404 ነበረ። በ1958 እና በ1959 ዓ. ም. ሻንክላንድና ሮትዌል በዚሁ ዓይነት መኪና አሸነፉ። በ1960 ዓ. ም. ደግሞ ኖቪትስኪና ክሊፍ እንደገና አሸነፉ፤ በዚያም ዓመት የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። የአሸናፊዎቹ መኪኖች በዋጋም በፍጥነትም ከሁሉ የሚበልጡ አልነበሩም። የበለጡት በመጽናት ነው።

የአየሩንም ነገር መርሳት አይገባም። የድሬ ዳዋ አየር ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ በሚበዛበት አገር በጥቂት ዓመት ዝገት የሚበላው ላሜራ በዚህ አገር ብዙ ዘመን ይኖራል። ፀሐይዋ ግን በተራዋ ጎማውን ትሰነጥቃለች፥ የመቀመጫውን ቆዳ ታደርቃለች። ተፈጥሮ በአንድ እጅዋ ሰጥታ በሌላው እጅዋ ስትወስድ ባለቤቱ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ባለቤቱ የሚያውቀው ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ቀን የሆነውን እንናገር። በከዚራ ሰፈር፥ ፈረንሳዮቹ ቀጥ አድርገው በነደፉት መንገድ ዳር ካሉት ትላልቅ ዛፎች በአንዱ ጥላ ሥር፥ አንድ ሽማግሌ ሾፌር መኪናቸውን አቁመው ሲያርፉ አገኘናቸው። ቀትር አልፏል፤ ከተማው በሙቀቱ ጸጥ ብሏል። ሰላምታ ሰጥተን፥ ወደ ቀፊራ ገበያ እንዲያደርሱን ጠየቅናቸው። በሩን ከፍተን ገብተን ስንዘጋው አልገጠመም፤ ስለዚህ ጠንከር አድርገን ልንዘጋው እጃችንን ስናነሣ፥ «አቦ ተው ልጄ፥ አትምታት!» አሉ። «ወደ ላይ አንሣና ቀስ አድርገህ ሳባት፤ እሷ በኃይል አትዘጋም።» እንዳሉት ብናደርግ በሩ ጸጥ ብሎ ገጠመ።

በመንገድ ላይ፥ «አባቴ፥ ይህ መኪና አያስቸግርዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦

«ታስቸግረኛለች እንጂ። ግን የማላውቀው ድምፅ የላትም። ያ ከኋላ የሚሰማህ የዛሬ አይደለም፤ ብዙ ዓመቱ ነው፥ ምንም አያደርግም። ያን ድምፅ ያጣሁ ቀን ነው የምፈራው። አዲስ ድምፅ ስታሰማ ግን ወዲያው እቆማለሁ። ለማን እንደምወስዳትም አውቃለሁ፤ ካንዴላና ሽቦ ከሆነ አንዱ ጋ፥ ካምቢዮ ከሆነ ሌላው ጋ። ቶርኖ ቤቱ ያለው ሰውዬ አባቱ የሽማንደፈር ሰው ነበር።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የጥያቄያችን መልስ ሁሉ አለ ብለን እናምናለን። ሽማግሌው መኪናቸው አይበላሽም አላሉም፤ ያማረ ነውም አላሉም። ያሉት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፥ መኪናውን ፈጽሞ ያውቁታል፤ ሁለተኛ፥ የማያውቁት ነገር ሲመጣ የሚያውቀውን ሰው ያውቁታል። ፍጹምነት ማለት ይህ ነው። አዲስ መኪና ነውር ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ነውር ሲመጣበት ባለቤቱ እንግዳ ሆኖ ይቆማል። አሮጌው መኪና ነውሩ ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ግን በአንዱም ላይ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊቃወመን ይችላል። «እናንተ ፍቅር የምትሉት ችግር ነው፤ ሰውዬው አዲስ መኪና ለመግዛት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ይህን አሮጌ አንድ ቀን ባላሳደረው» ይለናል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበትና በቀላሉ አናልፈውም። በአገራችን የመኪና ዋጋና ቀረጥ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አሮጌው መኪና ብዙ ዘመን የኖረው ባለቤቱ ስለ ወደደው ብቻ ሳይሆን የሚተካው ስለሌለው ጭምር ነው። ከዚህም በላይ አሮጌ ሞተር ነዳጅ ይበላል፥ ያጨሳል፤ የዚያ ዘመን መኪና ተሳፋሪን ከአደጋ ለመጠበቅ ዛሬ የተለመዱት መሣሪያዎች የሉትም። እነዚህን ጉድለቶች ታሪክ ነው ብሎ መሸፈን ለተሳፋሪው አይጠቅምም።

ነገር ግን ችግር ብቻውን አሮጌ መኪና አያኖርም። ችግር ባለበት አገር ሁሉ ቆመው የዛጉ መኪኖች ሞልተዋል፤ ሣር በቅሎባቸው፥ ዶሮ ሠፍሮባቸው እናያቸዋለን። በችግሩና በመኪናው መካከል የሚያውቅ እጅ ካልገባ፥ ችግር የሚያፈራው ቁርጥራጭ ብረት ብቻ ነው። ገበሬውም ሁለተኛ በሬ ስለሌለው ያለውን በሬ ጠባዩን ያጠናል፤ ጥናቱ የተጀመረው በችግር ቢሆንም የተገኘው እውቀት ግን እውነተኛ እውቀት ነው። ፍቅርም ብዙ ጊዜ የሚወለደው እንዲሁ ነው።

የሚያሳስበን ነገር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መኪናው ፍጹም የሚሆነው በከተማው እጅ ከሆነ፥ የከተማው እጅ ሲጠፋ መኪናው ምን ይሆናል? የድሬ ዳዋ እጅ ብዙ ፈተና አልፏል። በ1969 ዓ. ም. የሶማሊያ ጦር በነሐሴ ወር እስከ ከተማዋ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ የጅቡቲው ሐዲድም በጦርነቱ ተቆርጦ ነበር። ሐዲዱ ከዚያ በኋላ ተጠግኖ ሠርቷል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አሮጌ መሥመር ቀስ በቀስ ደክሞ በ2000 ዓ. ም. ገደማ ሥራውን አቆመ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነው ሐዲድ ሲቆም፥ በመጠገኛው ቤት ከአባት ወደ ልጅ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የነበረው ጥበብ ምንጩ ነጠፈ። በመስከረም 2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚያልፈው ከከተማው ውጭ ነው፤ መሣሪያውም ሌላ፥ ትምህርቱም ሌላ ነው።

በከተማው ውስጥም ነገሩ ተለውጧል። በ1990ዎቹ ዓመታት ባጃጅ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ገብቶ ጎዳናውን ሞላው፤ ዋጋው የቀለለ፥ በጠባብ መንገድ የሚያልፍ፥ ነዳጅ የማያበዛ ስለ ሆነ ብዙ ወጣት እንጀራውን አገኘበት። የፔጆዎቹ ቁጥር እየመነመነ ሄደ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የወደፊቱ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ይሆናል ማለት ነው። ዘመን እንዲህ ነው፤ ግመሉ ለባቡር፥ ባቡሩ ለመኪና፥ መኪናውም ለሌላ መኪና ቦታውን ይለቃል። በዚህ ማዘን አይገባም።

ልናዝን የሚገባን ሌላ ነገር ቢጠፋ ነው። አሮጌው ፔጆ ለባለቤቱ ፍጹም የሆነው፥ ከፋብሪካው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሳለ ከፍቶ የሚያየው፥ ለክቶ የሚሠራለት ሰው በሦስት መንገድ ማዶ ስለ ነበረ ነው። ነገ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ካላገኘ፥ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፥ እንደ መጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥት አውቶሞቢሎች ብቻውን የቆመ ድንቅ ነገር ይሆናል። ባትሪው ሲደክም የሚያቆመው አጥር እንጂ የሚያክመው ሰፈር አይኖረውም። ስለዚህ የአሮጌው መኪና ታሪክ ስለ አሮጌ ነገር ብቻ የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ አንድ አገር ከውጭ የገዛችውን ዕቃ የራስዋ የምታደርገው ስትገዛው ሳይሆን ስትጠግነው መሆኑን የሚያስተምር ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለአንባብያን ጥቂት አሳብ እናቀርባለን። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ቢልኩና የሚያውቁትን ቢያስጽፉ መልካም ነው። አሮጌ ካምቢዮ እንዴት እንደሚፈታ ብቻ ሳይሆን፥ ዕቃ በጠፋ ጊዜ በምን ብልሃት እንደ ሠሩት፥ አንዱን ድምፅ ከሌላው እንዴት እንደሚለዩ ይጻፍ። የቋንቋ ተማሪዎች የጋራዡን ቃላት ይሰብስቡ፤ እያንዳንዱ ቃል ከየት መጥቶ በማን አፍ አማርኛ እንደ ሆነ ቢመረመር ራሱን የቻለ የታሪክ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሹማምንትም በድሬ ዳዋ ያለውን አሮጌ የባቡር ጣቢያና መጠገኛ ቤት ሲያስቡ፥ ለጎብኚ የሚታይ ሕንፃ ብቻ እንዳይሆን፥ በውስጡ የሚሠራ ቶርኖና የሚማር ወጣት እንዲኖርበት ቢያደርጉ፥ ቤቱ የተሠራበትን ዓላማ ይፈጽማል። በግቢውም አንድ ፔጆ 404 ቢቆም አይበዛበትም፤ ነገር ግን ሞተሩ የሚነሣ ይሁን።

ሽማግሌው ሾፌር ቀፊራ ሲያደርሱን ሒሳባችንን ከፍለን ወረድን። በሩን እንዳስተማሩን ወደ ላይ አንሥተን ቀስ አድርገን ሳብነው፤ ገጠመ። እሳቸውም በመስኮቱ ወደ እኛ አይተው፥ «አየህ፥ አወቅሃት» አሉና ማርሹን ከመሪው ሥር አስገብተው ወደ ገበያው ግርግር ሄዱ።